ዌበር የተገጠመለትን ዲኤክስ አዲስ አበባ ላይ ማስተካከል፦ ከኮምፕሬሽን እስከ ጂግለር

«ዌበር አስገጠምኩ። ቤንዚን ይጠጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱን ግን አላየሁትም። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። መኪናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ኬኢ70 ኮሮላ፣ ሁላችንም ዲኤክስ የምንለው። ሞተሩ 4ኬ ነው ወይም በ5ኬ ተቀይሯል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ራስ) ተልጎ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ብሏል፣ ማርሚታው በሰፊ ተቀይሯል፣ የድሮው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ወጥቶ 32/36 የሚባለው የዌበር ካርቡራተር ተቀምጧል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት መኪናው ከበፊቱ ብሶበታል። ለየብቻ ከምመልስ እኔ የምሠራበትን ቅደም ተከተል እንዳለ ልጻፍላችሁ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የጥገና መጽሐፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። ከውጭ በመጣው ዌበር ውስጥ ያሉት ጂግለሮችም (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፉት ባለ ቀዳዳ ናሶች) እንደዚያው። ስለዚህ ጤነኛው ሞተር ሲለካ ደካማ ይመስላል፤ ካርቡራተሩ ደግሞ ለዚህ ስስ አየር የማይመጥን ቤንዚን ያፈሳል።

ሌላው ነገር ተራው ነው። ካርቡራተር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ቫልቭና እሳት ሳይስተካከሉ ካርቡራተር ላይ ካቻቢቴ ያነሳ ሰው የሌላውን ጥፋት በቤንዚን እየሸፈነ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በክር የሚገባው ዓይነት (በእጅ ተጭነው የሚይዙት ያሳስታል)
- ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች)
- ታይሚንግ ላይት (እሳቱ የሚፈነጥቅበትን ጊዜ የሚያሳይ መብራት)
- ቫኪዩም ጌጅና የቤንዚን ግፊት መለኪያ
- ካቻቢቴ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የተለመዱት ቁልፎች
- 4 አዲስ ካንዴላ፣ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እሳቱን የሚቆርጠው)፣ ኮንዴንሰር
- የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን
- ከተገጠመው ያነሰ ቁጥር ያላቸው ዋና ጂግለሮች፣ ቢያንስ ሁለት ሁለት ደረጃ
- ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ንጹሕ ጨርቅ
- የእሳት ማጥፊያ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ሶማሌ ተራ የምትገዙት ጂግለር ላይ የተጻፈውን ቁጥር በደንብ እዩት። 140 ማለት ቀዳዳው 1.40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ቁጥሩ የማይነበብ ወይም ቀዳዳው በሽቦ የተጠረገ ጂግለር አትግዙ። ናስ ለስላሳ ነው። ሽቦ ሲገባበት ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ማስጠንቀቂያ

የ4ኬ ሞተር አየር ማስገቢያውና ጭስ ማስወጫው በአንድ ጎን ናቸው። ካርቡራተሩ የተቀመጠው ከጋለው ማኒፎልድ በላይ ነው። ከካርቡራተሩ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ቀጥታ እሳት ላይ ይወርዳል። ቤንዚን ያለበትን ማንኛውንም ሥራ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሥሩ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ። በር የተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሱ፣ ጭሱ ይገድላል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ።

1. ከራዲያተሩ ጀምሩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አትዝለሉት። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 አካባቢ ነው። በመሃላቸው ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ከመፍላት የሚያድናችሁ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ካላችሁ ቀይሩት። የተላገ ቴስታታ ያለው ሞተር ከፋብሪካው የበለጠ ይሞቃል፣ ለብልሽት የሚተርፍ ትዕግስት የለውም።

ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ አሉ። «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ብለው ነው። እንዲያ ሲሆን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ ያልተቃጠለው የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻም (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ያልቃል። የምትለኩት ነገር ሁሉም ይዛባል። መልሱት።

2. ኮምፕሬሽን ለኩ

ሞተሩን አሙቁት፣ ከዚያ አጥፉ። 4ቱንም ካንዴላ ፍቱ። እሳት እንዳይረጭ ወደ ቦቢናው የሚገባውን ሽቦ ንቀሉ። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ይርገጥ፤ ካልተረገጠ አየር በበቂ ስለማይገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ሞተሪኖውን 5 ወይም 6 ምት ያህል አዙሩና ጻፉ። ለ4ቱም ሲሊንደር አንድ ዓይነት ምት ይሁን።

አሁን ቁጥሩን እንዴት እንደምታነቡት። የ4ኬ መደበኛ ኮምፕሬሽን በመጽሐፉ 156 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፣ ዝቅተኛው 128። ይህ በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር 120 አካባቢ ያሳያል። ዝቅተኛው ደግሞ ወደ 98 ይወርዳል።

አንድ ልጅ «ሞተርህ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ተብሎ ወደኔ መጣ። ማስረጃው 118 የሚል ቁጥር ነበር። 4ቱም ሲሊንደር 115 እና 118 መሃል ነበሩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ያን ቀን ያስተካከልንለት ቫልቭና ጂግለር ብቻ ነው። እባካችሁ በአንድ ቁጥር ብቻ ሞተር አታስወርዱ።

ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። በትልቁና በትንሹ ሲሊንደር መሃል ከ14 ፒኤስአይ በላይ ካለ ችግር አለ። ያነሰው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነሳ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በመሃላቸው ተቃጥሏል፣ «ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ» ወደሚለው ክፍል ሂዱ።

ቴስታታው የተላገ ሞተር ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ለውጥ የተደረገበት ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ምክንያቱም ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ። ለዚህም ነው ልዩነቱ ከቁጥሩ የሚበልጠው።

3. ቫልቭ አስተካክሉ

4ኬ በሮከር ነው የሚሠራው፤ ክፍተቱ በሞቀ ሞተር ይለካል። የአየር ማስገቢያ 0.20 ሚሊ ሜትር፣ የጭስ 0.30 ሚሊ ሜትር። አንዳንድ 5ኬና ዘግይተው የወጡ 4ኬ ሞተሮች በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ አላቸው። የናንተ እንደዚያ ከሆነ በፊለር ጌጅ አትነካኩት፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

የዋናውን ፑሌጃ ምልክት ዜሮ ላይ አድርጉ፣ የ1ኛው ሲሊንደር ሁለቱም ሮከሮች ላላ ማለት አለባቸው። ላላ ካላሉ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። እዚያ ላይ ሆናችሁ እነዚህን አስተካክሉ፦ የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን የአየር፣ የ3ኛውን የጭስ። ከዚያ ፑሌጃውን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። የቀሩትን አስተካክሉ፦ የ4ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን የጭስ፣ የ3ኛውን የአየር። ይህ የሚሆነው የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ስለሆነ ነው።

የፊለር ጌጁ ቅጠል ስትጎተት ትንሽ መያዝ አለባት፣ መጣበቅ ግን የለባትም። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ ሲጠብቅ ይንቀሳቀሳል።

ጠባብ ቫልቭ ዝም ይላል፣ ስለዚህ ጥሩ ይመስላል። ግን የጭሱ ቫልቭ ሙሉ ለሙሉ ካልተዘጋ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ አይችልም፣ ይቃጠላል። ትንሽ ቲክ ቲክ የሚል ሞተር ከጸጥተኛው ይሻላል።

4. እሳቱን አስተካክሉ

መጀመሪያ ፑንቲና፣ ቀጥሎ ታይሚንግ። ይህ ተራ አይገለበጥም፤ የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር ታይሚንጉም አብሮ ይቀየራል። ፑንቲናው በሰፊው ሲከፈት 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን። የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር። መኪናችሁ ኤሌክትሮኒክ እሳት ከተገጠመለት ፑንቲናውን ዝለሉት።

አሁን ሞተሩን አስነሱ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ ይሁን። ከዲስትሪቢዩተሩ የቫኪዩም ቱቦውን ንቀሉና ጫፉን ድፈኑ። ካልነቀላችሁ የምታነቡት ቁጥር የናንተ ሳይሆን የቫኪዩሙ ነው። በታይሚንግ ላይቱ የፑሌጃውን ምልክት እያያችሁ፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 8 ዲግሪ በፊት አድርጉ። ይህ የፋብሪካው ነው።

ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ እሳቱ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ 2 ዲግሪ፣ ቢበዛ 4 ዲግሪ መጨመር ይቻላል። ቴስታታው በጣም ከተላገ ግን አትጨምሩ። ጨምራችሁ በ3ኛ ማርሽ አቀበት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚናወጥ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው እግራችሁን አንሱ፣ 2 ዲግሪ መልሱ። ያ ድምፅ ፒስተን የሚበሳ ነው። ማርሚታው ሰፊ ከሆነ ድምፁ ይዋጣል፣ ስለዚህ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ግድግዳ አጠገብ ስትነዱ ስሙት።

ሞተሩን ወደ 3,500 አንሱና ምልክቱ ወደፊት መሄዱንም እዩ። ካልሄደ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ዝገዋል። ጉልበት የጠፋው እዚያ ሊሆን ይችላል፣ ዌበሩ ምንም ጥፋት የለበትም። የቫኪዩም ቱቦውን መልሱ። ይህ ቱቦ ተረስቶ ክፍቱን የቀረበትን መኪና ቆጥሬ አልጨርስም።

5. አየር የሚሾልክበትን ፈልጉ

ዌበሩ ዲኤክስ ላይ የሚቀመጠው በማገናኛ ሳህን ነው። ሳህኑ ሁለት ጓርኒሲዮን አለው፣ ሁለቱም ያፈሳሉ። ከዚያ የሚገባ ያልተለካ አየር ሚኒሞውን ያናውጠዋል።

ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን ወይም ካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ ይፈልጉታል። እዚህ ሞተር ላይ አታድርጉት፣ ማኒፎልዱ ከሥሩ ነው አልኳችሁ። ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነሱ፣ ጭስ ማስወጫው ሳይግል በፊት በጠርሙሱ ትንሽ ውሃ መጋጠሚያው ዙሪያ እርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ ቀዳዳው እዚያ ነው። ሳህኑን ፈታችሁ ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጡ። ቡሎኖቹን በመስቀል ተራ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ፤ አንዱን ጎን ብቻ ስትጨርሱ ነው የሚጣመመው።

ቫኪዩም ጌጁንም አሁን ግጠሙ። መጽሐፍ 17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 14 ካያችሁና መርፌዋ ካልተንቀጠቀጠች ደህና ነው። ካምሻፍት ከተቀየረ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል።

6. የቤንዚን ግፊት

ዌበር ከ2.5 እስከ 3.5 ፒኤስአይ ይበቃዋል። በኤሌክትሪክ ፓምፕ የቀየራችሁ ለኩት። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ግፊቱ ከዚህ አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። የካርቡራተሩን የቤንዚን መዝጊያ መርፌ ገፍቶ ቤንዚኑን በጉሮሮው ያፈሰዋል፣ ያኔ ጂግለር ብትቀይሩ ምንም ለውጥ አታዩም። ፓምፑን ቀይሩ ወይም የግፊት መቀነሻ አስገቡ።

7. ሚኒሞ

ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ ለሙሉ ቀጥ ብሎ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቾክ ሽቦው ከቁልፍ 12 ቮልት ካላገኘ ግማሽ እንደተዘጋ ይቀራል። ጥቁር ጭስ ይዘው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ችግራቸው ይህቺው አንድ ሽቦ ናት።

ከዚያ የሚኒሞውን ብሎን እስኪለቅ መልሱ፣ ገና ስትነካ ያዙት፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ብቻ ጨምሩ። የቅልቅሉን ብሎን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ አስገቡ፣ አታጥብቁት፣ ጫፉ ይጎዳል። 2 ዙር መልሱ። ሞተሩን አስነሱ። የቅልቅሉን ብሎን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ አዙሩ፣ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ቁሙ፣ ሩብ ዙር መልሱ። በቃ።

አሁን ስንት ዙር ላይ እንደቆመ ቁጠሩ። ከ1 ዙር ተኩል በታች ከሆነ የሚኒሞ ጂግለሩ ትልቅ ነው፣ አንድ ደረጃ አሳንሱ። ከ2 ዙር ተኩል በላይ ከሆነ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው የመጀመሪያው ነው የሚያጋጥማችሁ። ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚኒሞውን ብሎን ከአንድ ዙር በላይ መጨመር ካስፈለጋችሁ ቢራቢሮው (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው ክዳን) ብዙ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ቤንዚኑ ከሌላ ቀዳዳ መምጣት ይጀምራል፣ የቅልቅሉም ብሎን መታዘዙን ያቆማል።

8. ዋናው ጂግለር

ጉልበቱም ጭሱም ያለው እዚህ ነው። ካርቡራተር በዚህ ከፍታ ከሚገባው በላይ 10 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይሰጣል። ያንን ለመመለስ የቀዳዳውን ስፋት የዚያን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 5 በመቶ ማጥበብ ይበቃል። ስለዚህ 140 የነበረው ወደ 135፣ ከዚያ ወደ 130። በአንድ ጊዜ አትዝለሉ።

የዌበሩን የላይ ክዳን ስትፈቱ የቾኩን ዘንግ የያዘች አንዲት ትንሽ ክሊፕ አለች። ስትነቀል ትፈነጠራለች፣ ክፍት ጉሮሮ ካገኘች ሞተር ውስጥ ትገባለች። ክሊፗን ከመንካታችሁ በፊት ጉሮሮዎቹን በጨርቅ ድፈኑ። ዋናዎቹ ጂግለሮች ከቤንዚን መያዣው ሥር ናቸው። 32ቱ ጉሮሮ ለተራ መንዳት፣ 36ቱ ነዳጅ በደንብ ሲረገጥ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደወጣ ጻፉ።

ፈተናው ካንዴላ በማየት ነው። ንጹሕ ካንዴላ ግጠሙ። ከከተማ ወጣ ባለ፣ ሰውም መኪናም በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ በ3ኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ለጥቂት ሰከንድ ስጡ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሱ፤ እስከ መጨረሻ ካዞራችሁት መሪው ይቆለፋል። የፍሬን እገዛውም ሞተሩ ሲጠፋ ስለሚያልቅ ፍሬኑ ይከብዳል፣ ተዘጋጁ። ዳር ቁሙና ካንዴላ ፍቱ። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ወተት የበዛበት ቡና መልክ ከያዘ ደርሳችኋል። ነጭ ሆኖ ነጠብጣብ ካያችሁበት ቤንዚን አንሷል፣ አንድ ደረጃ መልሱ፣ ሳትመልሱ አትንዱት። የአየርና ቤንዚን መለኪያ ያላችሁ ሙሉ ነዳጅ ላይ ከ12.5 እስከ 13 (ለአንድ ቤንዚን የሚገባው አየር) ፈልጉ።

አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ንዱ። ጂግለርም ታይሚንግም አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ

የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ ሲሞቅ ይጣመማል። ቡሎኖቹን ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ትንሽ በትንሽ ፍቱ። ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ በፊለር ጌጅ ለኩ። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ መላግ ያስፈልገዋል። ከዚህ በፊት የተላገ ከሆነ ስንት እንደተላገ ሳታውቁ ደግማችሁ አታስልጉ፤ ኮምፕሬሽኑ ይወጣና 4ኛው ክፍል ላይ ያልኩትን ድምፅ ታይሚንግ በመቀነስ እንኳን ማቆም ያቅታችኋል።

ስትመልሱ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አጽዱ። ውስጡ ዘይት ወይም ውሃ ካለ ቁልፉ የጠበቀ ይመስላችኋል፣ ቴስታታው ግን ላላ ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በመጽሐፉ ኃይል አጥብቁ። ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን አትቀቡ፣ የውሃ መተላለፊያውን ይደፍናል። ቴስታታ ከተመለሰ በኋላ ከ3ኛው ተራ ቁጥር እንደገና ጀምሩ፣ የቫልቩ ክፍተት ተቀይሯል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ

ለአዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ድሬዳዋ፣ አዋሽ ወይም ዓባይ በረሃ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ሙቀቱም አለ፣ ታይሚንጉንም ጨምረናል። እነዚህ ሦስቱ አቀበት ላይ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ፒስተን የሚያልቀው። ለአንድ ቀን ጉዞ ከሆነ ነዳጅ ሙሉ አትርገጡ፣ የሙቀት መርፌዋን ተከታተሉ። እዚያ የምትቆዩ ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የጨመራችሁትን ታይሚንግ ወደ 8 መልሱ፣ ያወጣችኋቸውን ትልልቅ ጂግለሮች መልሳችሁ ግጠሙ። ለዚህ ነው አትጣሏቸው የምለው። በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጡ።